ብድር ነው ወይስ ትእዛዝ? ብዬ ጠይቄ ያገኘሁት መልስ

ጥያቄውን አንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ የጻፍኩት ማክሰኞ ማታ ነው። ኮፒ ቤቴን ዘግቼ፣ እራት ሳልቀምስ። ቀን ያጋጠመኝ ነገር አላስቀምጥ ብሎኝ ነው።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፍላሽ ይዞ መጣ። ከመቶ ገጽ በላይ የሆነ ሰነድ እንዳትምለት ፈልጎ ነበር። ሰነዱ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት፣ ሁላችንም አይ ኤም ኤፍ የምንለው፣ ስለ ኢትዮጵያ ያወጣው ነው። ሒሳቡን ስነግረው ዝም አለ። ኪሱን ዳበሰና ግማሹን ብቻ እንዳትምለት ጠየቀኝ።

አልፈረድኩበትም። መስታወቱ ላይ የለጠፍኩት የዋጋ ወረቀት ራሱ ይናገራል። የመጀመሪያው ቁጥር በእስክሪብቶ ተሰርዟል። ሁለተኛው በማርከር ተሰርዟል። ሦስተኛው ቁራጭ ወረቀት ተደርቦበት ነው የተጻፈው። ደስጣ ወረቀቱም ቶነሩም በዶላር ነው የሚገባው።

ማሽኑ እያተመ እኔ ቆሜ አነበብኩ። አንድ ሰንጠረዥ ላይ ዓይኔ ቀረ። በአንዱ ረድፍ ምን መደረግ እንዳለበት ተጽፏል፤ በሌላው እስከ መቼ። የእኛ ሕግ፣ የእኛ ባንክ፣ የእኛ ታክስ። ሁሉም በእንግሊዝኛ። የአማርኛ ቅጂ ይኖር እንደሆነ ብዬ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። እናቴ ዘይት በስንት እንደምትገዛ የሚነካ ወረቀት እናቴ በማታነበው ቋንቋ ተጽፏል። ይሄ ነው ያላስቀመጠኝ።

ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። በዚያው ቀን የአይ ኤም ኤፍ ቦርድ የ4 ዓመት 3.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ብድር አጸደቀ፤ 1 ቢሊዮኑ ወዲያው የሚለቀቅ። ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በመጀመሪያው ቀን 74 ደረሰ። ሳምንታት ሳይቆይ 100 አለፈ። ይህ ብድር ነው ወይስ ትእዛዝ? ተበዝብዘናል ወይስ ሳንገደድ ራሳችን የገባንበት ነው? ጥያቄዬ ይኸው ነበር። ጠዋት ስነቃ ገጹ ሞልቷል።

1ኛው መልስ አንድ መስመር ናት። ፈረንጅ በነጻ የሚሰጠው ነገር እንደሌለ ጽፎ ሄደ። ብዙ ሰው ወደደለት።

2ኛው የኢኮኖሚክስ መምህር እንደሆነ የገለጸ ሰው ነው። በትሕትና ጀመረ፤ ግን አረመኝ። ከአይ ኤም ኤፍ የተገኘው ብድር ወለድ የለውም። 5 ዓመት ተኩል የእፎይታ ጊዜ አለው፤ በ10 ዓመት ውስጥ ተከፍሎ ያልቃል። በዚያው ሳምንት ዓለም ባንክ ካጸደቀው 1.5 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ 1 ቢሊዮኑ ጭራሽ የማይመለስ እርዳታ ነው። ከዚያ በኋላ ዩሮቦንዱን፣ ማለትም መንግሥት በውጭ ገበያ የሸጠውን የዕዳ ሰነድ፣ አመጣ። በ2007 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከግል አበዳሪዎች 1 ቢሊዮን ዶላር በ6.625 በመቶ ወለድ ተበድራለች። ብዝበዛ የምንለው ወለድን ከሆነ ፊታችንን ወደዚያ እንድናዞር መከረ።

እውነቱን ነው። እኔ ወለድ ያለው ነበር የመሰለኝ። ስህተቴን ተቀብዬ ምስጋና ጻፍኩለት።

3ኛው ግን አልተቀበለውም። የብድሩ ዋጋ ወለዱ ላይ እንዳልሆነ፣ ዋጋው ቅድመ ሁኔታው ላይ እንደሆነ ተከራከረ። የሞዛምቢክን ካሹ፣ ለውዝ መሰሉን ፍሬ፣ ምሳሌ አደረገ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓለም ባንክ ጥሬው ካሹ ወደ ውጭ ሲላክ የሚከፈለው ታክስ እንዲቀነስ ግፊት አደረገ። ገበሬው የተሻለ ዋጋ ያገኛል ተብሎ ነው። ጥሬው ወደ ሕንድ ተጫነ። አገር ውስጥ የሚፈለፍሉት ፋብሪካዎች ተዘጉ። በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ቤታቸው ቀሩ፤ ብዙዎቹ ሴቶች። ለገበሬው ደረሰ የተባለው ጭማሪም ኢምንት ነበር። ለዚያ ብድር የተከፈለው ወለድ ስንት እንደነበር ማንም አያስታውስም ብሎ ጨረሰ።

4ኛው ላይ ቆይቼ አነበብኩ፤ ደግሜም አነበብኩ። ጡረታ የወጡ የባንክ ሰው ናቸው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ጋሼ ይላቸው ጀመር። ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም በነበረበት ዘመን መስኮት ላይ ሠርተዋል። በመስከረም 1985 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ 5 ብር ሲሆን ገንዘብ ከፋዮቹ የተመን ሰሌዳውን ሁለት ሦስት ጊዜ ወጥተው እንዳዩት ያስታውሳሉ። ያኔም ከጀርባው የማሻሻያ ፕሮግራም ነበር። እኛ አዲስ ነገር የደረሰብን መስሎን ነው እንጂ እሳቸው አንዴ ኖረውታል።

ዋናው ነገራቸው ግን ከዚያ አምስት ዓመት በኋላ የሆነው ነው። በአውሮፓውያን 1997 ኢትዮጵያ ከአይ ኤም ኤፍ ጋር ተጣልታ ፕሮግራሙ ቆሞ ነበር። የዋጋ ንረቱ ዝቅተኛ ነው፤ ኢኮኖሚው እያደገ ነው። ታዲያ ጠቡ ከምን መጣ? አንደኛ፣ መንግሥት ለአውሮፕላን ግዢ ከአንድ የአሜሪካ ባንክ የወሰደውን ብድር ቀኑ ሳይደርስ ከውጭ ምንዛሪ መጠባበቂያው ከፈለ። ወለዱ ከባድ ስለሆነ መክፈሉ ያዋጣል። ድርጅቱ ግን ሳልጠየቅ ለምን ተደረገ አለ። ሁለተኛ፣ ንግድ ባንክ ትልቅ ነውና ተከፋፍሎ ገበያው እንዲከፈት ተጠየቀ። ሦስተኛ፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ የሚሠራበት የእርዳታ ገንዘብ በበጀት ውስጥ እንደ አስተማማኝ ገቢ አይቆጠርም ተባለ። በዚያው ዓመት የዓለም ባንክ ዋና ኢኮኖሚስት የነበሩት ጆሴፍ ስቲግሊትዝ አዲስ አበባ መጥተው ነገሩን አዩ። ተመልሰውም ለኢትዮጵያ ተከራከሩ። ፕሮግራሙም በኋላ ቀጠለ።

ጋሼ እዚህ ላይ አንድ ነገር አሉ፤ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። የራስን ዕዳ በራስ ገንዘብ ቀድሞ መክፈል ጥፋት ከሆነ፣ ገንዘቡ የማን ነበር ብለው ጠየቁ።

5ኛው ወጣት ይመስላል፤ ታሪኩ ተጋኗል ብሎ ጠረጠረ። 6ኛው ራሳቸው ጋሼ ናቸው። ሳይቆጡ መለሱለት። ስቲግሊትዝ ራሳቸው በይፋ የጻፉት ጉዳይ እንደሆነ ገለጹለት። ቀጥለውም ያኔ እንቢ የተባለው በር በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ፓርላማው ለውጭ ባንኮች በሕግ እንደከፈተው አስታወሱት። መከፈቱ መጥፎ ነው አላሉም። ያኔ እጃችን ጠንካራ ነበር፤ አሁን ግን ስንደክም ተከፈተ፤ ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው አሉ።

7ኛው ጋ ሲደረስ ነገሩ ሻከረ። ይህ ሰው ሁላችንንም ተቆጣ። ለስኳር ፋብሪካ የተበደረው ዋሽንግተን ያለው አይ ኤም ኤፍ አይደለም ብሎ ጀመረ። ፋብሪካዎቹ ስንት ዓመት ዘገዩ? ከተመደበው ገንዘብ ምን ያህሉ ስኳር ሆነ? በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የዩሮቦንዱ ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር ሳይከፈል ሲቀር፣ ያ ዶላር ካዝና ውስጥ እንዳይኖር ያደረገው ማን ነው? የራሱን ቤት ሳይጠርግ ጎረቤቱን የሚከስ ብሎ ሰደበን። ስድቡን ባልወደውም ጥያቄው ጥያቄ ነው። በማግስቱም ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ።

8ኛው አስመጪ ነው፤ 7ኛውን ደገፈ። ድሮ ኤልሲ፣ ማለትም ዕቃ ለማስመጣት ባንክ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና፣ ለመክፈት ወራት ይጠብቅ እንደነበር ተረከ። ዶላር 57 ብር ነው ይባላል እንጂ በዚያ ዋጋ የሚያገኘው ሰው ያለው ብቻ ነው። ሌላው በጥቁር ገበያ እጥፍ ገደማ ይከፍላል፤ ዕቃውንም በዚያ ሒሳብ ይሸጣል። ስለዚህ ርካሹ ዶላር ለድሃው ድጎማ ሳይሆን ለጥቂቶች ስጦታ ነበር አለ። 9ኛው ከይርጋጨፌ ነው። አባቱ ቡና አላቸው። ብር ከተለቀቀ በኋላ የእሸት ቡና ዋጋ ከፍ እንዳለ፣ አባቱም ቤታቸውን ቆርቆሮ እንደቀየሩ ጻፈ። ግን ማዳበሪያውም ወጣ ብሎ አከለ።

ይህን ሳነብ ጥያቄዬን ያየሁት ከሱቄ መስታወት ጀርባ ሆኜ ብቻ እንደነበር ገባኝ።

ከ10ኛው እስከ 13ኛው ውይይቱ መንገድ ስቷል። አንዱ ዶላር ይዤ ልቆይ ወይስ ልሽጥ ብሎ ምክር ጠየቀ። ሌላው ለእኔ አዝኖ ቶነር የሚሞላ ሰው መርካቶ እንዳለና አዲስ ከመግዛት እንደሚሻል ነገረኝ። ሦስተኛው የተሞላ ቶነር ማሽን ያበላሻል ብሎ ተቃወመው። እነሱ ሲከራከሩ አወያዩ ገብቶ ወደ ርዕሱ እንድንመለስ ለመነ።

14ኛዋ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ናት። ለእናቷ በየወሩ ትልካለች። በባንክ የምትልከው ዶላር አሁን የበለጠ ብር ይሆናል። እናቷ ግን በዚያው ብር የሚገዙት ዕቃ አልጨመረም። ድሮ በጥቁር ገበያ ትልክ እንደነበር ሳትደብቅ ተናገረች፤ አሁን በባንክ በመላኳ ቢያንስ ኅሊናዋ አርፏል።

15ኛው ዘለለባት። ዶላር የሚያገኝ ሰው ስለ ኑሮ ውድነት ሊያወራ አይገባም አለ፤ ከዚያ የከፋም ቃል ተናገረ። 16ኛው መልስ ተሰርዟል፤ አወያዩ ነው የሰረዘው። 17ኛው ራሷ ናት። በቀን ሁለት ሥራ እንደምትሠራ፣ የምትልከውም ከቤት ኪራይ የተረፈውን እንጂ ትርፍ ገንዘብ እንዳልሆነ ጻፈች። 15ኛው ይቅርታ ጠየቃት ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልጠየቃትም።

18ኛው ወደ ጉዳዩ መለሰን። ማላዊን አነሳ። አይ ኤም ኤፍ የእህል መጠባበቂያውን እንድትሸጥ አድርጎ በ2002 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ ተራበ ብሎ በቁርጥ ጻፈ። 19ኛው፣ ያው የ2ኛው መምህር፣ ነገሩን አስተካከለ። ምክሩ መጠባበቂያው እንዲቀነስ ነበር፤ ለማከማቸት የሚወጣው ወጪና እህሉን የሚይዘው ተቋም ዕዳ ከብዶ ስለነበር። የተሸጠው ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ነው፤ በዚያም ሽያጭ ሙስና ነበረበት ተብሎ አገር ውስጥ ብዙ ተወቅሷል። አማካሪውም ሻጩም ጣታቸውን እርስ በርስ ቀሰሩ። የሞተው ሰው ግን ከሁለቱም አይደለም። መምህሩ እስከዚህ ድረስ ቁጥር ቁጥር ሲያወራ የነበረ ሰው ነው። እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠብኝ።

20ኛው ቶማስ ሳንካራን አመጣ። የቡርኪናፋሶው መሪ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ ላይ ዕዳውን በአንድነት አንክፈል ብለው እንደተናገሩ፣ ብቻዬን እንቢ ካልኩ በሚቀጥለው ጉባኤ አልገኝም እንዳሉ አስታወሰ። ንግግሩ የተደረገው ዋጋዱጉ ነው ብሎ ነበር። 21ኛው አረመው። የተናገሩት እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ቀኑ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 1979 ዓ.ም.። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በጥቅምት 1980 ዓ.ም. በአገራቸው በተደረገ መፈንቅለ መንግሥት ተገደሉ። 21ኛው ጠንቃቃ ሰው ነው፤ የተገደሉት በዕዳ ንግግሩ ምክንያት ነው ብሎ ማንም እንዳይደመድም አሳሰበ።

እኔ ግን ቀኑ ላይ ቀረሁ። ሐምሌ 22። ብር የተለቀቀበት ቀን፣ ልክ በ37ኛ ዓመቱ። ግጥምጥሞሽ ነው። ቢሆንም ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

22ኛው ስለ ድምፅ ነው፤ ከሁሉ የበለጠ ያሳመነኝም እሱ ነው። በአይ ኤም ኤፍ ውስጥ አንድ አገር አንድ ድምፅ የሚባል ነገር የለም። ድምፅ በመዋጮ ነው። አሜሪካ 16.5 በመቶ ገደማ አላት። ትልልቅ ውሳኔዎች 85 በመቶ ድጋፍ ስለሚፈልጉ አሜሪካ ብቻዋን ልታስቆማቸው ትችላለች። ኢትዮጵያ በ1938 ዓ.ም. ድርጅቱ ሲመሠረት ከፈረሙት አንዷ ናት፤ ድምፅዋ ግን ከ0.1 በመቶ በታች ነው። የድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሁልጊዜ ከአውሮፓ ነው የሚመጣው፤ የዓለም ባንኩ ፕሬዚዳንት ደግሞ ከአሜሪካ። በ2021 እ.ኤ.አ. ለኮሮና ተብሎ 650 ቢሊዮን ዶላር ያህል መጠባበቂያ ለአባላት ሲከፋፈል፣ አፍሪካ በሙሉ የደረሳት 33 ቢሊዮን ገደማ ነበር። ክፍፍሉ በመዋጮ ልክ ስለሆነ ብዙ ያለው ብዙ ወሰደ። መመሥረት ሌላ፣ መወሰን ሌላ ነው ብሎ ጨረሰ።

23ኛው መጠበቅም ዋጋ አለው አለ። ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. የቡድን 20 አገሮች ባወጡት ማዕቀፍ የዕዳ ሽግሽግ ጠየቀች። ከመንግሥታት አበዳሪዎቿ ጋር ስለ 8.4 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ በመርህ ደረጃ የተስማማችው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው። አራት ዓመት። በዚህ ሁሉ ጊዜ የውጭ ምንዛሪ በር ጠበበ። ዛምቢያንም ጨመረ። ለሮማኒያ የነበረባትን አሮጌ ዕዳ አንድ የግል ፈንድ በ3.3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። ከዚያ ለንደን ፍርድ ቤት ቀርቦ 55 ሚሊዮን ጠየቀባት። በ2007 እ.ኤ.አ. 15 ሚሊዮን ያህል ተፈረደለት። ይህ ሰው አይ ኤም ኤፍን ብቻ መውቀስ እነዚህን ማሳለፍ ነው ይላል። ትክክል ነው።

24ኛውን እኔ ጻፍኩ። ወለዱን በተመለከተ መሳሳቴን፣ የቡና ገበሬውንና የአስመጪውን ወገን ሳላይ መጀመሬን አመንኩ። አንዱን ግን አልለቀቅኩም። ብር መለቀቅ ነበረበት ቢባል እንኳ፣ መቼና እንዴት የሚለውን የወሰነው ማን ነው? ለምንስ ነው እኔ ከደንበኛ ፍላሽ ላይ የማነበው?

25ኛው ሲመጣ ደነገጥኩ። ልጁ ነው። ፍላሽ ይዞ የመጣው ተማሪ። ሱቁን ከጽሑፌ አውቆታል። ያንን ሰንጠረዥ ወደ አማርኛ እየመለሰ እንደሆነ ጻፈ፤ ሰፈሩ ላለው የወጣቶች ንባብ ቡድን። ግን ርዕሱ ላይ ተቸግሯል። መለኪያ ይበለው ወይስ ግዴታ?

26ኛው ጋሼ ናቸው። ግዴታ በለው አሉ፤ አለዚያ ገንዘቡ አይለቀቅም። 27ኛው መምህሩ ነው፤ አልተስማማም። ሰነዱ ውስጥ ነገሮቹ በሦስት እንደሚከፈሉ አስረዳ። አንዳንዶቹ ባይሟሉም ግምገማው ሊቀጥል ይችላል፤ እነሱ መለኪያ ናቸው። አንዳንዶቹ ካልተሟሉ ቦርዱ ይቅርታ ካላደረገ በቀር ክፍያው ይቆማል። ሦስተኞቹ ግን ቦርዱ ገና ሳይሰበሰብ፣ አንድ ሳንቲም ሳይለቀቅ መፈጸም ያለባቸው ናቸው። ጋሼ ወዲያው ጠየቁት። ብር የተለቀቀው ከየትኛው ነው?

28ኛው የመምህሩ መልስ ነው። አጭር ነበር። ከሦስተኛው እንደሆነ ጻፈ።

ልጁ ትናንት ተመልሶ መጣ። የቀረውን ግማሽ አተምኩለት፤ ሒሳብ አልተቀበልኩትም። የተረጎመውንም አንድ ገጽ ይዞ ነበር፤ 30 ኮፒ ፈለገ። ለሦስተኞቹ ያገኘላቸው ርዕስ ከላይ በደማቁ ተጽፏል፦ ከገንዘቡ በፊት የሚፈጸሙ። አንዱን ኮፒ ለራሴ አስቀረሁ። ማታ ለእናቴ አነበብኩላት።